ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ

“እትዬ ዶሪካ፣ ዛሬ ነጭ በነጭ ሆነዋል። ማን ሞቶ ነው?”

“ገና አልሞተም” አለች ዶሪካ፣ ከብስክሌቱ ኋላ ባለው ትራስ ላይ ጉርድ ቀሚሷን እየሰበሰበች። “አንተ ዝም ብለህ ፔዳልህን ምታ።”

ዊልጆን ሳቀ። ብስክሌቱን ታክሲ አድርጎ የሚያድር ሰው ወሬ ካላወራ አቀበቱ አያልቅለትም። በሻይ ማሳው መካከል የሚያልፈው ቀይ መንገድ በሌሊቱ ዝናብ ላቁጧል፤ የሙላንጄ ተራራም እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። ዶሪካ የለቃሚዎች አለቃ ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ቅጠሉ ሲመዘን ሚዛኑ አጠገብ ካልቆመች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ዛሬ ግን ሚዛኑን ለምክትሏ ትታ፣ የእናቶች ማኅበር ልብሷን ለብሳ ወጥታለች፦ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ፣ በስታርች የደረቀ ነጭ ሻሽ።

“አባባ ቺካፓን ሊጠይቁ ነዋ” አለ ዊልጆን። “እግራቸው ጠንቶባቸዋል አሉ። ዱቄቱን እኔ ልያዝልዎ? ጭቃ እንዳይነካው።”

“ዱቄት አልያዝኩም።”

ዊልጆን ከዚያ በኋላ አልሳቀም። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ደሃው እንኳ አንድ ሳህን የበቆሎ ዱቄት በጨርቅ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ወይ እብድ ነው፣ ወይ ደመኛ ነው። ዶሪካ አላበደችም።

ሌቪሰን ቺካፓ ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ሽማግሌ ነበር። ማን አረቄ እንዳወጣ፣ ማን ሁለተኛ ሚስት እንዳስቀመጠ፣ ማን ለልጁ ክታብ እንዳሰረ ከባለቤቶቹ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያገኘውን ያግዳል። የታገደ ሰው ከጌታ እራት ይከለከላል፣ መዝሙር አይመራም፣ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ንስሐው ተቀባይነት ሳያገኝ ከሞተ ደግሞ ደወል አይደወልለትም፤ ነጭ ለባሾቹ እናቶች አይዘምሩለትም፤ ቄስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አይቆምም። የሰፈሩ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አፈር ይመልሱበትና ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

የዶሪካ እናት ሊኔስ እንደዚያ ነው የተቀበረችው። ባሏ ወደ ጆሐንስበርግ ማዕድን ሄዶ በዚያው ቀረ፤ እሷም ልጆቿን ልታበላ አረቄ አወጣች። ቺካፓ ደረሰባት። ዓመታት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ በየእሑዱ እየመጣች፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ እየመታት። “ልተወው” ስትል ተቀበሏት? አልተቀበሏትም፤ ጋኗን ሸጣ እንደሆነ ጠየቋት፣ አልሸጠችም ነበር። አግዳሚው ላይ እንዳለች ሳንባዋ ወሰዳት። በቀብሯ ቀን ቺካፓ ከመንገዱ ማዶ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። አንዲት ጎረቤት መዝሙር ጀመረች። ቺካፓ ምንም አላላትም፤ ዞር ብሎ ብቻ አያት። መዝሙሩ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ዶሪካ ያኔ ኮረዳ ነበረች። ያ የተቆረጠ መዝሙር እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ዶሪካ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛ ኖረች። የእናቶች ማኅበር ገባች፤ ታታሪ ናትና ሰብሳቢ አደረጓት፤ በኋላም ሽማግሌ ሆና ተመረጠች። ሰው ሁሉ “እናቷን ያጣችው እግዚአብሔርን አገኘች” አለ። እሷ ግን የምታገኘውን ታውቅ ነበር። ቺካፓ አርጅቶ እስኪጎድፍ ድረስ ትጠብቀው ነበር።

ጎደፈም። የስኳር በሽታው እግሩን ማበስበስ ሲጀምር፣ ሐኪሞቹም “ይቆረጥ” ሲሉት፣ በድብቅ ወደ መድኃኒት አዋቂ ሄደ። የማኅበሩ እናቶች በሽተኛ ሊያጥቡ ቤቱ በገቡ ቀን፣ ከሸሚዙ ሥር ወገቡ ላይ የታሰረውን ቀይ ክር ያየችው ዶሪካ ናት። ከክሩ ላይ ትንሽ የቆዳ ቋጠሮ ተንጠልጥላለች። ሌሎቹ እናቶች ዓይናቸውን ወደ ሌላ መለሱ። ዶሪካ ግን ወገቡን ቀስ ብላ አጠበች፣ አደረቀች፤ በማግስቱ ጉባኤው ፊት ቆማ ተናገረች። ቺካፓ ታገደ። ያን ቀን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ይህንን ማንም አይሸሽግላት፣ እሷም አትሸሽግም።

ነገ የጌታ እራት ነው። ሐኪሞቹ ቺካፓ የሚቀጥለውን እንደማያይ ተናግረዋል። ሥርዓታችን ደግሞ አንድ ነገር ይላል፦ የታገደን ሰው ንስሐ የሚሰማው የከሰሰው ሰው ነው። ከሳሹ ብቻውን ይገባል፣ ይሰማል፣ ወጥቶ ለሽማግሌዎቹ ይናገራል። የሱ ቃል የመጨረሻ ነው።

ትናንት ማታ ወጣቱ ቄስ ማቴምባ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር።

“እማማ ዶሪካ፣ ሰው በሕግ አይድንም” አላት፣ ያቀረበችለትን ንሲማ፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ በጣቱ እየጠቀለለ። “ሕግ መስታወት ነው። ጉድፍህን ያሳይሃል፤ ፊትህን ግን አያጥብልህም። የሚያጥበው ጸጋ ነው።”

“እናቴን ሲያስወጧት መስታወቱን የያዘው ማን ነበር?”

“እኔ ያኔ አልተወለድኩም።”

“እንግዲያው ወጡን ጨምርና ብላ” አለችው። ቄሱም በላ።

የቺካፓ ግቢ ደረሱ። ከማንጎው ዛፍ ሥር ቄስ ማቴምባና ሁለት ሽማግሌዎች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከሁለቱ አንዱ፣ ጉንዳ የሚባለው ወፍራም ሰው፣ ቺካፓ ራሱ ያሠለጠነው ነው። የቺካፓ ልጅ ኤስናርት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው በዶሪካ እጅ ላይ ነው። ባዶ ነው።

“ግቢ፣ እህቴ” አለች ኤስናርት ቀስ ብላ። “ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ነበር። ሲያይሽ ደስ ይለዋል።”

“አይመስለኝም” አለች ዶሪካ።

ክፍሉ የቁስል ጠረን አለው። ሽማግሌው ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ያ ግድግዳ የሚያህል ሰው አልቆ ጉንጩ ጎድጉዷል። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አጠገቡ ሳህን ላይ ኤስናርት የተወችው ምላጭ አለ።

“ማነው?”

“ዶሪካ ማጎምቦ ነኝ። ከጉባኤው ተልኬ ነው።”

“ከሳሼ።”

“አዎ፣ ከሳሽዎ።”

“መልካም። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ሰው ዝም ብሎ እንዳይከስ ብዬ።” ዓይኑን አጥብቦ አያት። “ዱቄት ይዘሽ መጣሽ?”

ዶሪካ ይህንን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ስትጠብቀው ነበር። “አልያዝኩም” አለች፣ እያንዳንዷን ፊደል እያጣጣመች።

“ደግ አደረግሽ። የታገደ ሰው ከማኅበሩ እናቶች ስጦታ አይቀበልም። ብዙ ሰው ይህንን ይረሳል።”

ስድቧ እጇ ላይ ቀረ። ዶሪካ ሳትጋበዝ ምንጣፉ ዳር ላይ ተቀመጠች።

“ክሩ አሁንም ወገብዎ ላይ ነው?”

“ነው።”

“ይቆርጡታል?”

“አልቆርጠውም።”

“ለምን?”

“አንደኛው ምክንያት ያሳፍራል። መድኃኒት አዋቂው ‘ክሩ ከወለቀ እግርህ ወደ መቃብር ይዞህ ይሄዳል’ ብሎኛል። ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እምነት እምነት እያልኩ አስተማርኩ፤ ሕመሙ ሲመጣ ያመንኩት ክር ነው። ሁለተኛው ግን አያሳፍርም። ዛሬ ብቆርጠው ለደወሉ ብዬ ነው የምቆርጠው። ያለ ደወል መቀበር ስለፈራሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ስንቱን ሰው ‘ይህ የእውነት ንስሐ አይደለም’ ብዬ መልሻለሁ፤ እኔ የውሸቱን ይዤ ልገባ ነው? አይሆንም። ውጪና ክሩ አለ በያቸው። ሕግ ሕግ ነው።”

ይህንን ቃል ልትሰማ ነበር ዕድሜዋን የጠበቀችው። አሁን ተነስታ መውጣት ብቻ ነው የቀራት። ማንጎው ሥር ቆማ “ክሩ አለ” ትላለች፣ ቺካፓም እንደ ሊኔስ ይቀበራል። ታዲያ ለምን እንዳልተነሳች ለራሷም አልገባትም። አንድ ነገር ጎድሏታል።

“እናቴን ያስታውሷታል?” አለች።

“እናትሽ ማን ናት?”

“ሊኔስ። አረቄ አወጣሽ ብለው ያገዷት።”

ሽማግሌው በእውነት ሊያስታውስ ሞከረ፤ ግንባሩ ተጨማደደ። “ሊኔስ... አረቄ የሚያወጡ ብዙ ነበሩ።”

“ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው።”

“ሁሉም ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት።”

“ስትቀበር ከመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር። ሰው እንዳይዘምርላት።”

“ሁልጊዜ እቆም ነበር” አለ ቺካፓ። “ሥራዬ ነበር።”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዶሪካ ይህንን ተረት ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያያት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ስሟን እንኳ! በሌሊት እየተነሳች የረገመችው ሰው፣ ሻይ ስትለቅም በእያንዳንዱ ቅጠል አንገቱን የቀነጠሰችው ሰው፣ የእናቷን ስም እንኳ አያውቅም።

“አትቆጪ” አለ ሽማግሌው፣ ሊያጽናናት የፈለገ ይመስል። “ጥፋት ከነበረባት ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ይኸው እኔም በዚያው ሕግ ልወጣ ነው። ለእሷ አንድ፣ ለእኔ ሌላ አላደረግኩም። አላዳላሁም።”

አላዳላሁም። ዶሪካ ይህንን ስትሰማ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ይህ ሰው ያለ ደወል ቢቀበር የሚያሸንፈው እሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ “ቺካፓ ለራሱም አልራራ፤ እውነተኛ ሰው ነበር” ይላል። ሊኔስም ከአፈሩ ሥር ሆና ለሁለተኛ ጊዜ ይፈረድባታል፤ ፍርዱ ትክክል ነበር ተብሎ ይታተምበታል። የከሰሰችው ዶሪካ ደግሞ ማኅተሙን ይዛ የቆመች ጸሐፊው ትሆናለች። ባዶ እጇ፣ ክሷ፣ ጥበቃዋ፣ ሁሉም ለሕጉ ሲሠራ ኖሯል። ከዚህ ሰው ላይ የሚወሰድ በቀል አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የማይገባውን መስጠት ነው።

ምላጩን ከሳህኑ ላይ አነሳች።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ሸሚዝህን ግለጥ።” ‘አንተ’ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ሽማግሌውም ሰማ።

“ሥርዓቱ ራሱ ይቁረጠው ነው የሚለው! ሌላ ሰው አይቆርጥም!”

“ሥርዓቱን አውቀዋለሁ።”

“ተይ! ንስሐ አልገባሁም እኮ! አይገባኝም!”

“አውቃለሁ” አለች ዶሪካ። “ለዚህ ነው።”

እጁን ይዞ ሊመልሳት ሞከረ። ያ ስንቱን በዓይኑ ብቻ ያስቆመ ሰው፣ ጣቶቹ የእጅ አንጓዋን እንኳ መጨበጥ አቃታቸው። ሸሚዙን ገለጠች። ክሩ ቆዳው ውስጥ ጠልቆ ገብቷል። እንዳታቆስለው ምላጩን አዘንብላ፣ በጥፍሯ አንስታ ቆረጠችው። ቺካፓ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። እግሩ ይዞት አልሄደም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑን ገለጠ፣ የተጠቀለለውን እግሩን አየ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

“ምን አደረግሽኝ?” አለ። “አሁን ምን ይዤ ልሂድ?”

“ምንም” አለችው። “ባዶ እጅህን ትሄዳለህ። እንደ እኔ።”

ወጣች። ማንጎው ሥር ያሉት ሦስቱም ተነሱ። ዶሪካ መዳፏን ዘረጋች፤ ቀዩ ክርና ቋጠሮዋ ታዩ።

“ማን ቆረጠው?” አለ ጉንዳ ወዲያው።

“ራሱ።”

“ራሱ? እጁ እኮ ማንኪያ አያነሳም።”

“ጉንዳ፣ የእኔ ቃል የመጨረሻ ነው ወይስ አይደለም?”

“ነው፣ ነው። ሥርዓቱ ነው።” ጉንዳ ግንባሩን አሸት አደረገ። “ተጸጸተ?”

“አልቅሷል። ገብታችሁ እዩት።”

ቄስ ማቴምባ ክሩን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ኤስናርት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች፤ ሮጣ መጥታ የዶሪካን ጉልበት ልትይዝ ስትል ዶሪካ ወደኋላ አለች።

“አታመስግኚኝ” አለቻት። “ለእሱ ብዬ አይደለም።”

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቺካፓን አራት ሰዎች በወንበር ተሸክመው አመጡት፤ ደወሉም ተደወለ፣ የታገደ ሰው ሲመለስ ይደወላልና። ከፊት፣ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጡት። እናቶቹ በነጫቸው ተሰልፈው በረድፋቸው ተቀመጡ፤ በመጀመሪያው ቦታ፣ የሰብሳቢዋ ቦታ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

ዶሪካ ዘግይታ ገባች። ነጭ ሸሚዟንና ጥቁር ጉርዷን ለብሳለች፤ ሻሹን ግን አልጠመጠመችም፣ አጣጥፋ በእጇ ይዛዋለች። በመተላለፊያው ወደፊት አልሄደችም። ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጉባኤው ፊት ዋሽታለች፤ ለዋሸ ሽማግሌ ቦታው እዚያ እንደሆነ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ደግሞም እናቷ የተቀመጠችበት ቦታ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ አሁንም ይመታል። ሰዎች እየዞሩ አዩዋት፣ አንሾካሾኩ። እሷ ፊት ለፊቷን ብቻ አየች።

ቄስ ማቴምባ አጭር ስብከት ሰበከ። ሰው መዳንን እንደ ደመወዝ ሠርቶ እንደማይቀበለው፣ እንደ ስጦታ በባዶ እጁ እንደሚቀበለው ተናገረ። ድምፁ አንዴ ተሰነጠቀና አስተካከለው። ከዚያ እንጀራው ተቆረሰ። እኛ ዘንድ የተመለሰው ሰው ቀድሞ ይበላል፤ እሱ ሳይበላ ማንም አይበላም። ቁራሹን በቺካፓ መዳፍ ላይ አኖሩት።

ቺካፓ አልበላም።

አንገቱን በጭንቅ አዙሮ ወደኋላ ይመለከታል፤ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አሳልፎ ወደ በሩ። ሻሽ ያላሰረችውን፣ በነፋሱ መካከል የተቀመጠችውን ሴት አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ኤስናርት ጎንበስ ብላ ሰማችው፤ ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ በመተላለፊያው ውስጥ እየተቻኮለች እስከ በሩ ድረስ መጣች።

“እህቴ” አለች፣ እየተንተባተበች። “አባባ ‘ሊኔስ እዚያ ጋ ነበር የምትቀመጠው፣ አሁን አስታወስኳት’ ይላል። ‘ሳል ነበረባት’ ይላል። ነይልኝ ወደ እሱ። ይቅርታ ሳይጠይቅሽ አልበላም ብሏል።”

የእናቷን ስም በዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠራው ስትሰማ ዶሪካ ሻሹን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። ተነስታ መሄድ ትችላለች። ሽማግሌው ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷ ትቀበላለች፣ እሱም ዋጋውን ከፍሎ ይበላል። ደስ ብሎት ይበላል፣ ይገባኛል ብሎ።

“አይሆንም” አለች። “በባዶ እጁ ይብላ።”

“ዶሪካ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው...”

“መጀመሪያ ይብላ በዪው። ይቅርታውን ከበላ በኋላ እሰማዋለሁ።”

ኤስናርት ተመልሳ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው። ሽማግሌው ቁራሹን በመዳፉ ይዞ ቆየ። ቤቱ በሙሉ ይጠብቀዋል፤ ዶሪካም ከበሩ አጠገብ ሆና ዓይኗን አልነቀለችለትም። በመጨረሻ ወደ አፉ ወሰደው። ማኘክ አቅቶት ነበር፤ ቢሆንም አኘከ፣ እንባው በጉንጩ ላይ እየወረደ።

ጉንዳ ሳህኑን ይዞ በየረድፉ አልፎ ከበሩ ሲደርስ፣ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ዶሪካ ፊት ቆመ። ራሷን ነቀነቀች፤ እለፈኝ አለችው። ቺካፓ በአፉ የቀረውን ሲውጥ እያየች ነበር።